ወደ ውስጥ የተባለች አዎ

ባለፈው ሐሙስ ማማ ታንዲን ያለ ጥፋቷ ወለል ላይ አስተኛኋት።

ማማ ታንዲ የቆየች ደንበኛዬ ናት። ጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን ካለው ሱቄ ብርድ ልብስ በጅምላ ትወስድና፣ እኛ ሎኬሽን በምንለው ከከተማው ወጣ ባለ ሰፈሯ ቤት ለቤት ትሸጣለች። ያን ቀን ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆማ፣ «ቡቲ፣ ወንድሜ፣ ያ ባለ አንበሳው ብርድ ልብስ ገባ?» አለችኝ። ገብቷል። እኔም እናቱ በወግ እንዳሳደገችው እንደ ማንኛውም ያገሬ ሰው ቅንድቤን ከፍ፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «ህእ» አልኳት።

እሷ ግን ሌላ ነገር ሰማች። በዚህ ከተማ ባለ ሱቅ በደንበኛው ትከሻ ላይ አሻግሮ እያየ ትንፋሹን ከሳበ፣ ከደንበኛው ኋላ የቆመ ሰው አለ ማለት ነው፤ የቆመውም ሰው በእጁ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። ማማ ታንዲ ያንን ሁሉ ሰውነቷን ይዛ ብርድ ልብስ ክምሩ ሥር ጥልቅ አለች።

«ሃይቦ! ስንት ናቸው?» አለችኝ ከሥር።

«እነማን?»

«ሌቦቹ ናቸዋ!»

«ማንም የለም ማማ። አዎ ማለቴ ነው።»

ቀስ ብላ ብቅ አለች። «አዎ ማለት ዬቦ ነው። ሆድህን ሞልተህ፣ ወደ ውጭ! ዬ-ቦ! ያንተ አዎ አይደለም፣ ነፍስ ሲወጣ የሚሰማ ነው።»

ቀሚሷን አራግፋ፣ ባለ አንበሳውን ተሸክማ ሄደች። እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ይቺ ትንፋሽ ጉድ ስትሠራኝ ይህ ሁለተኛዋ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ቦታው ደግሞ ኖርዌይ፣ አንድ የፖም አትክልት መንደር ፊት ለፊት፣ ውሃ መሃል።

ጀፕ ላይ ይህን የሚያውቁ ጓደኞቼ ስቀው አይጠግቡም። ሰው ሁሉ ወደዚያ ለመግባት በረሃና ባሕር ሲያቋርጥ፣ ኖርዌይን በጫማው ረግጦ፣ በገዛ ፈቃዱ ተመልሶ፣ ኋላ አምስት ድንበር እያቋረጠ ጆሃንስበርግ የወረደ ሰው ከእኔ ሌላ አያውቁም። «ካርታውን ገልብጠህ ይዘኸው ነው» ይሉኛል። ይበሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ኮልፌ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ታላቅ እህቴ ስንዱ ነርስነት ልትማር ኖርዌይ ሄዳ ሦስት ዓመት ሆኗታል። አንድ ቀን ደብዳቤዋ መጣ፤ አርነ የሚባል የገበሬ ልጅ ላግባ ይላል፣ ቤተሰቦቹም ከእኛ ወገን አንድ ሰው መጥቶ እንዲያያቸው ጋብዘዋል ይላል። የግብዣው ወረቀት ለአንድ ሰው ነው። አባባ አይሮፕላን የሚባል ነገር ላይ እንደማይወጣ በጊዮርጊስ ምሏል። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። ስለዚህ መርካቶ አስፋልት ላይ ጫማ ዘርግቶ የሚሸጠው ታደለ፣ ማለትም እኔ፣ ጢሜ በወጉ ሳይበቅል ሽማግሌ ሆንኩ።

ልሄድ ስል አባባ ከስፌት መኪናው ሳይነሣ፣ ክር በጥርሱ እየበጠሰ አስጠነቀቀኝ።

«ዓይንህን ገልጠህ እይ። ቤታቸውን፣ አነጋገራቸውን፣ ልጄን እንዴት እንደሚያይዋት። ስጡን ካሉህ፣ ተመካክረን እንነግራችኋለን በል። አዎ ግን እንዳትል።»

«እሺ አባባ።»

«ራስህን እንዳትነቀንቅ። እንዳትስቅ። አዎ የኔ ናት። ገባህ?»

«ገባኝ።»

ትንሽ ሰፋና መኪናውን አቆመው። «እኔ ደስ አላለኝም። ልጄን በረዶ በላት። አይሆንም ብላት ግን ታለቅሳለች። ይቺን ላንተ ነው የነገርኩህ፤ እሷ ጆሮ እንዳትደርስ።» ከዚያ እንደምመለስ አስማለኝ። የተመለስኩት ለዚህ ነው። ቀርቼ ቢሆን ሁለት ልጅ በበረዶ ተበላብኝ ብሎ ይሞት ነበር።

ያኔ ፍርሃት የሚባል ነገር አላውቅም ብዬ እደነፋ ነበር። መርካቶ ውስጥ ሰው አልፈራም፤ እውነት ነው። ሰው የሌለበት ቦታ እንደሚያስፈራኝ ግን ማን ያውቃል? ሞክሬው አላውቅማ።

የደረስኩት በጳጉሜ ነው። ስንዱ ከተማ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝና ወደ መንደሩ በአውቶቡስ ሄድን። አውቶቡሱ ተራራውን ይዞራል ብዬ ስጠብቅ ተራራው አፉን ከፍቶ ዋጠን። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ድንጋዩ ውሃ ያንጠባጥባል፤ አምፖሎቹ አንዱ ሲበራ አንዱ ጠፍቷል። ከፊቴ አንዲት አሮጊት ሹራብ ትሠራለች፤ አንድ ዙር እንኳ አልሳተችም።

«እትዬ፣ ይሄ የሚያልቀው መቼ ነው?» አልኳት ስንዱን።

«ሲያልቅ ታውቃለህ።»

ሲያልቅ ደግሞ የባሰው መጣ። መንገዱ ገደል ላይ እንደ መደርደሪያ ተለጥፏል፤ ከሥር ውሃ ነው። ፊዮርድ ይሉታል። ባሕሩ ተራራዎቹን ሰንጥቆ፣ እንደ ጣት ቀጥኖ አገር ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። ቀለሙ ጥቁር ልበለው አረንጓዴ እንጃ፤ ማዕበል የለው፣ ድምፅ የለው፤ ዝም ብሎ ያይሃል። ጥልቀቱ ስንት ነው ብዬ መጠየቄ ስሕተት ነበር።

«ተራራው ወደ ላይ የምታየውን ያህል ወደ ታችም አለው ይላሉ» አለች ስንዱ፣ ስለ ሌላ ሰው ውሃ እንደምታወራ ሁሉ።

እኔ ፊት ያለውን ወንበር ጨብጬ ስቀር፣ እሷ ልታዘናጋኝ ብላ ከአርነ ጋር እንዴት እንደተዋወቁ አጫወተችኝ። በተማሪዎቹ ምግብ ቤት ሾርባ ተራ ሲጠብቁ፣ የሰልፉ መጨረሻ አንቺ ነሽ ወይ ብሎ ይጠይቃታል። እሷ ቋንቋው ገና ነው፤ በደመ ነፍስ ትንፋሿን ስባ «ህእ» ትለዋለች። ልጁ ሳህኑን ይዞ ፈዞ ቀረ። ለካ እነሱም አዎ ሲሉ ወደ ውስጥ ነው የሚሉት። «ያ» ይላሉ፣ አየር እየሳቡ፣ እንደኛው። አርነ በሌላ ፈረንጅ ዘንድ ሰምቶት የማያውቀውን የናቱን አዎ ከኮልፌ ልጅ አፍ ሰማ። በዚያው ቀረ።

«በሾርባ ተራ ነው የተጠለፍሽው በይኛ» አልኳት።

«በትንፋሽ» አለች። ስትስቅ ፊቷ ልክ እንደ ልጅነቷ ሆነ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት፤ ውሃውን ሳይሆን የያዝኩትን ምሥጢር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝማ።

«አባባ ደስ ብሎታል?»

«እያሰበበት ነው።»

«አንተ፣ እውነቱን ንገረኝ። እሱ ሳይመርቀኝ አላገባም። ቀርቶ ይቅር እንጂ አላደርገውም።»

«እያሰበበት ነው አልኩሽ እኮ!»

መንደሩ ከውሃው ጠርዝ ተነሥቶ እስከ ተራራው ወገብ ድረስ ተዳፋት ነው። አጫጭር ዛፎች እንደ ሰልፈኛ በመስመር ቆመው ቀይ ፖም ተሸክመዋል፤ ከታች ደግሞ ፕለም፣ ሐምራዊ ሆኖ፣ ላዩ ዱቄት እንደነካው ብዥ ያለ። ዝናቡ የጳጉሜ ዝናብ ነው፤ ወድቆ የቆየው ፖም ሣሩ ውስጥ ጠላ ጠላ ይሸታል። ውብ አገር ነው፤ አልዋሽም። ግን ሰው የለበትም። አንድ ቤት እዚህ፣ አንድ ቤት እዚያ ማዶ፣ በመሃሉ ዝምታ። ጠላት ከተማውን ሊይዝ ነው ተብሎ ሕዝቡ የሸሸ ይመስላል።

«ሰዉስ?» አልኩ።

«ይኸው እኛ።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ቤቱ ነዋ። ምን ያድርግልህ?»

የአርነ እናት ወይዘሮ ማሪት በር ላይ ተቀበሉን። ስንዱ የሆነ ነገር ስትጠይቃቸው ትንፋሻቸውን ስበው «ያ» አሉ። አስቀድማ ነግራኝ እንኳ ጸጉሬ ቆመ። የጠፋብህን ኮት የማታውቀው ሰው ለብሶት መንገድ ላይ እንደማየት ነው። ማዕድ ላይ የቀረበው ደግሞ ገንፎ! ከጎምዛዛ ክሬም የተሠራ፣ ቅቤው አናቱ ላይ የተኛ፣ እውነተኛ ገንፎ። ወገኖቼ ናችሁ ልል ስል ስኳርና ቀረፋ ነሰነሱበት። እግዜር ይይላቸው።

አርነ ቀይ ነው፤ ስታናግረው ደግሞ የባሰ ይቀላል። ስንዱ እቃ ስታነሣ እሱም ይነሣል፤ ስትቀመጥ ይቀመጣል። ይህን ለአባባ እነግረዋለሁ ብዬ ያዝኩት። አባትየው ጋሽ ኦላቭ ግን አስጨነቁኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ እጃቸው እንደ አካፋ ነው፤ ዓይናቸው እንደዚያ ውሃ። አነጋገራቸውን እይ ተብዬ ነበር፤ በሁለት ቀን የተናገሩት ቃል ተደምሮ መርካቶ ላይ አንድ ካልሲ አይሸጥም። ሲያዩኝ ብቻ ያያሉ። ዝም የሚል ገዢ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም፤ እቃህን ጥሎ ሊሄድ ይችላል፣ ሱቅህን ሊገዛም ይችላል።

እኔ ደግሞ የራሴን አንገት እንኳ ማመን አቃተኝ። ምግብ ድገም ሲሉኝ እንዳልነቀንቅ አንገቴን እንደ ምሰሶ አደርቃለሁ። ሳቅ ሲመጣብኝ እነክሰዋለሁ። ወይዘሮ ማሪት ለስንዱ፣ ወንድምሽን ጥርሱን ያመዋል ወይ አሏት አሉ።

ሦስተኛው ቀን ዝናቡ አባራ። ጋሽ ኦላቭ ቦቲ ጫማ ወረወሩልኝና በጣታቸው ወደ ውሃው ጠቆሙ። ማዶ ሌላ የፖም ማሳ አላቸው፤ መንገድ የለውም፣ የሚኬደው በጀልባ ነው። ስንዱና አርነ ሳጥን እየሞሉ ነበር።

«እትዬ፣ ዋና አልችልም» አልኩ በአማርኛ፣ ፊቴን እንዳይታወቅብኝ አድርጌ።

«ማን ዋኝ አለህ? ቁጭ በል ነው የተባልከው።»

ጀልባዋ ትንሽ ናት፤ የአባባን የስፌት መኪናና ጠረጴዛውን ብጭንባት ለአባባ ቦታ አይተርፍም። ሽማግሌው ከመቀመጫው ሥር አንድ ብርቱካንማ ሰደርያ አወጡ፤ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ዓይነት። ለእኔ አለበሱኝ፤ ማሰሪያውን እስከ አገጬ አጠበቁት። እሳቸው አልለበሱም። ሌላ አልነበረም። እኔ ይህን እንደዚህ ተረጎምኩት፤ አደጋ አለ፣ አደጋውም የእኔ ነው።

ከዳር ስንርቅ ብርዱ ከታች ወጣ። የዛፎቹ ቀይ እየደበዘዘ፣ ቤቱ የክብሪት ቀፎ እያከለ ሄደ። ከዓይኔ በቀር የሚንቀሳቀስ አካል አልነበረኝም። ከሥሬ ወደ ታች ተራራውን የሚያህል ጨለማ አለ፤ በእሱና በእኔ መሃል አንድ ጣውላ። አንድ ትልቅ የመኪና ማመላለሻ መርከብ ርቆ አለፈን። ከዚያ መሃል ላይ ስንደርስ፣ እዚያው መሃል ላይ፣ ጋሽ ኦላቭ ሞተሩን አጠፉ።

 እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ ጀልባዋ ወለል ላይ የተኛውን ገመድ እያዩ መናገር ጀመሩ። ሁለት ቀን ያጠራቀሙትን ነው የተናገሩት። አንድም አልገባኝም። «ስንዱ» ሰማሁ። «አርነ» ሰማሁ። «አዲስ አበባ» ሰማሁ። መጨረሻ ላይ ቀና ብለው አዩኝ፤ ድምፃቸውም ጫፉ ላይ ከፍ አለ። ጥያቄ ነው።

እግዚኦ! እኚህ ሰውዬ ውሃ መሃል አስቀምጠው ልጃችሁን ስጡን እያሉኝ ነው! እንደዚህ ያለ ሽምግልና የት አገር ተሰምቶ ያውቃል? አይሆንም ያለ ሰው ወዴት ይሄዳል? አባባ ከኮልፌ ሆኖ አየኝ፤ ክሩን በጥርሱ እንደያዘ። አማርኛም ቢሆን ልናገረው ብዬ፣ ተመካክረን እንነግራችኋለን ለማለት አፌን ከፈትኩ።

ያ ድሮ ያለፈ መርከብ ማዕበሉን ወደ ኋላ ትቶት ኖሮ፣ ማዕበሉ ያን ጊዜ ደረሰ። ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ጋደል አለች። አፌ የተከፈተው ለአማርኛ ነበር፤ የገባው ግን አየር ነው።

«ህእእ!»

ጀልባዋ ተረጋጋች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲፈርስ አየሁ። ከዚያ እሳቸውም ቀስ ብለው ትንፋሻቸውን ሳቡ።

«ያ» አሉ ወደ ውስጥ። ጉልበቴን በዚያ በአካፋ እጃቸው መታ አድርገው ሞተሩን አስነሡ።

አለቀ። አዎ ብያለሁ። የአባባን አዎ ውሃ ውስጥ ጥዬዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ጀልባዋ ብትገለበጥ ግድ አልነበረኝም፤ እንዲያውም አንድ ሁለቴ ተመኝቻለሁ።

ማዶ ደርሰን ፖም ለቀማ አስተማሩኝ። ፖም አይጎተትም። መዳፍህን ከሥሩ ታደርግና ወደ ሰማይ ታነሣዋለህ፤ የደረሰ ከሆነ ራሱ ቅርንጫፉን ይለቃል፤ ካልለቀቀ ትተኸው ትሄዳለህ፤ በነጋታው ተመልሰህ ትሞክረዋለህ። ጋሽ ኦላቭ አንዱን ዛፍ ሦስት ጊዜ ዞሩት፤ አንዱንም አልጎተቱም። እኔ ሁለት ሦስቱን ከነቅጠላቸው ገነጠልኩ። እሳቸው የገነጠልኩትን አንሥተው ቁስሉን በአውራ ጣታቸው ዳብሰው ለብቻው አስቀመጡት። ልንገራቸው ፈለግሁ። አልተስማማሁም፣ ደንግጬ ነው ልላቸው። በምን ቋንቋ? ደንግጬ ነው ለማለት የማውቀው ድምፅ ያው የበደለኝ ድምፅ ነው።

ወደ ቤት ተመልሰን፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ማዕድ ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ኦላቭ ማንኪያቸውን አስቀመጡና ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። አርነ ቅላቱን አጣ፤ ነጭ ሆነ። ወይዘሮ ማሪት ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ስንዱ ወደ እኔ ዞረች፤ ያን ዓይነት ዓይኗን አይቼው አላውቅም።

«ምንድነው ያልከው?»

«ምንም! ምንም አላልኩም እትዬ፣ በአባባ ሞት!»

«አባትሽ ከልቡ አልወደደውም፣ አይደል ብዬ ብጠይቀው አዎ አለኝ ነው የሚሉት!»

ማንኪያዬ ከእጄ ወደቀ። ልጃችሁን ስጡን አላሉም ለካ! የጠየቁኝ አባቷ አዝኗል ወይ ብለው ነው። እኔ ለሦስት ቀን በጥርሴ ይዤ የዞርኩትን፣ የገዛ እህቴ ለምናኝ የደበቅኋትን እውነት፣ አንዲት ማዕበል ከጉሮሮዬ አወጣችው።

«ውሸት ነው በል» አለች ስንዱ። «ተሳስቼ ነው በል፤ አሁን እተረጉምልሃለሁ።»

ይኸው ማምለጫ በር። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ደንግጬ ነው ብል እውነትም ነበር። ሁሉም እኔን ያያሉ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም፤ እዚህ ጆሃንስበርግ ሁለቴ ሽጉጥ ተደቅኖብኝ እንኳ። ሽጉጥ ቢያንስ የሚፈልገውን ያውቃል።

«ልጄን በረዶ በላት ብሏል» አልኳት።

ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጋሽ ኦላቭ ጠበቁና፣ ሲወጣላት፣ ሦስት አራት ቃል ተናገሩ። ስንዱ አልተረጎመችልኝም። የነገረኝ አርነ ነው፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፤ «አባዬ ፖሙ ሲያልቅ እሄዳለሁ ነው የሚለው። ያንተን አባት ልጠይቀው። እኔ ነኝ የምጠይቀው።»

እህቴ እስከ አውቶቡሱ ድረስ አላናገረችኝም። አውቶቡሱ ላይ ልወጣ ስል ብቻ፣ ፕለም በጋዜጣ ጠቅልላ እጄ ላይ አደረገችና፣ «አንተ አፍህን ብትከፍትም ብትዘጋም ጠንቅ ነህ» አለችኝ።

ጋሽ ኦላቭ በጥር፣ ጥምቀት ባለፈ ሳምንት፣ ኮልፌ ደረሱ። እስከዚያ ቀን ከፊዮርዳቸው ዳር ካለችው ከተማ አልፈው የማያውቁ ሰው ናቸው። ብቻቸውን መጡ፤ ሙሽራው በወጉ አይመጣም፣ ስንዱም የራሷን ሽምግልና አትተረጉምም። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ቋንቋውን ስለማላውቀው ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

የመጀመሪያው ቀን ቆመው፣ ባርኔጣቸውን ይዘው፣ «ስንዱ፣ አርነ» አሉ። አባባ፣ «ተመካክረን እናሳውቃለን በላቸው» ብሎ ወደ ስፌቱ ዞረ። እጄን ወደ በሩ ዘረጋሁ። ጋሽ ኦላቭ አልተቆጡም። ከኮታቸው ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ፖም አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሄዱ። በነጋታው መጡ፤ ያው መልስ፣ ሌላ ፖም። ሰፈሩ ጉድ አለ። «ፈረንጁ ወግ ያውቃል! ማን ነገረው?» ማንም አልነገራቸውም። እኔ ብቻ ነኝ የገባኝ። ካልለቀቀ ትተኸው ትሄዳለህ፤ በነጋታው ተመልሰህ ትሞክረዋለህ።

ሦስተኛው ቀን አባባ ሰደበኝ። «ዝም ብለህ ትገተራለህ እንዴ? ሄደህ አይተሃቸዋል አይደል? ይሄ ሰውዬ ልጄን ከዚያ ብርድ ያስጥልልኛል? ተናገር!»

ምን ልበል? ቤታቸው ጥሩ ነው ልል ነበር፣ ገንፎ ይበላሉ ልል ነበር። የወጣልኝ ግን ይህ ነው፤ «አባባ፣ ውሃ ላይ ወስደውኝ ነበር። የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ያላቸው አንድ ብቻ ነው። ለእኔ አለበሱኝ።»

«እሳቸውስ?»

«ሳይለብሱ ነው የነዱት።»

ይህን ስናገር ጆሮዬ ሰማው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማስፈራሪያ አድርጌ ነበር የያዝኩት። አባባ ጣቱ ላይ ያለውን የስፌት ቆብ አወለቀ። ሁለቱን ፖሞች አየ። ሰውየውን አየ። ከዚያ ሳያስበው፣ ወይም አስቦበት፣ ቅንድቡ ከፍ አለ፤ ትንፋሹም ወደ ውስጥ ገባ።

«ህእ» አለ።

«ያ» አሉ ጋሽ ኦላቭ፣ ወደ ውስጥ።

እኔ መተርጎም አላስፈለገኝም። ኋላ አባባ እየሳቀ፣ «ደንግጬ ነው እንጂ አዎ አላልኩም» ይል ነበር። ሦስተኛውን ፖም ግን የበላው እሱ ነው፤ እስከ ፍሬው ድረስ፣ ለማንም ሳያካፍል።

አሁን አባባም ጋሽ ኦላቭም የሉም። ከትናንት በስቲያ፣ እሑድ፣ እዚሁ ቤሪያ ሰፈር ባለው ቤቴ ሳለሁ ስንዱ ደወለችልኝ። የትልቋ ልጇ የማርታ ነገር ነው፤ የሚያገባት ልጅ ቤተሰቦች በእኛ ወግ ሊጠይቁ ፈልገዋል። «ከእኛ በኩል የቀረኸው አንተ ነህ» አለችኝ። «አዎዋ ያንተ ናት።»

«የት ነው ቤታቸው?»

«ማዶ ነው። ድሮ ፖም የለቀማችሁበት በኩል።»

«ድልድይ ሠሩ?»

«ምን ድልድይ አለ? ጀልባ ነው።»

«ህእእ!»

«ይሄንን አልቆጥርልህም» አለች እህቴ። «ወደ ውጭ በለው።»

አዎ የኔ ናት ሲል አባባ ኩራት ይመስለኝ ነበር። ፈርቶ እንደነበር አሁን ተራው ሲደርሰኝ ገባኝ። ማማ ታንዲ እውነቷን ነው፤ የእኛ አዎ ነፍስ ሲወጣ ይመስላል። ግን ውሃ ውስጥ ሊገባ ያለ ሰውስ የሚያደርገው ምንድነው? መጀመሪያ አየር ይስባል።

ዛሬ ጠዋት ከሱቄ ሦስተኛ በር ያለችው ወርቄ ዘንድ ሄድኩ። የሥራ ልብስ ትሸጣለች፤ ለመንገድ ሠራተኛ የሚሆን፣ የሚያብረቀርቅ። ብርቱካንማ ሰደርያ ሁለት ስጪኝ አልኳት።

«ጋሽ ታደለ፣ በስተርጅና አስፋልት ሊያነጥፉ ነው?»

«ለሽምግልና ነው። ያንሳፍፋል?»

«ምን ላይ?» ብላ አየችኝና ጠቀለለቻቸው። «ሁለት ለምንዎ ነው? ሰውነትዎ እንደሆን አንድ ነው።»

«አንዱ ልጃችንን ለሚጠይቀኝ ሰውዬ ነው» አልኳት። «እሱም ይፈራል።»